ለካናዳ ስታመለክቱ ወረቀቶቻችሁ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ?

ስልኩ ላይ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ያለው ሰው የካናዳን ወሬ ሳይሰማ አንድ ሳምንት ማለፍ ይከብደዋል። «ካናዳ በሯን ከፈተች»፣ «ያለ ፈተና ከነቤተሰብ»፣ «ቪዛው ሳይመታ ክፍያ የለም» እየተባለ ይለጠፋል፤ እኛም ሳናነበው ለጓደኛ እናስተላልፋለን። እኔ ጋም በየጊዜው ይደርሰኛል፤ ከሥሩ «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም።

የኢሚግሬሽን ጠበቃ አይደለሁም። ግን ወዳጆቼና ዘመዶቼ የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻቸውን ሲያሰናዱ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ወረቀት ከወረቀት ሳመሳክር ብዙ ምሽት አሳልፌያለሁ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ነጥብ ነው፤ «ስንት አመጣሁ? ስንት ይጎድለኛል?» ይላል። መጨነቁ ልክ ነው። ነጥቡን አሟልቶ የመጣን ሰው የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

ለምን መሰላችሁ? ማመልከቻችሁን የሚያየው የካናዳ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ እናንተን በአካል ላያገኛችሁ ይችላል። ቃለ መጠይቅ የሚባል ነገር ሳይኖር የሚያልቅ ፋይል ብዙ ነው። ፊቱ ያለው ፓስፖርታችሁ፣ ዲግሪያችሁ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ፣ የባንክ ወረቀታችሁና የጋብቻ ሰርተፍኬታችሁ ነው። እነዚህን የጻፉት ደግሞ የተለያዩ ቢሮዎች፣ በተለያየ ዓመት፣ አንዳንዱ በእኛ አቆጣጠር አንዳንዱ በፈረንጆቹ ነው። ሁሉም ስለ አንድ ሰው እንደሚያወሩ ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው እንጂ የእሱ አይደለም።

እዚህ የማወራው ኤክስፕረስ ኢንትሪ ስለሚባለው መንገድ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረችው ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ቁጭ ብሎ ለሚያመለክት ባለሙያ የሚሆነው በተለይ የፌደራል የሠለጠነ ሠራተኛ ፕሮግራም የሚባለው ክፍል ነው። ብዙ ሰው ሁለት የነጥብ ዓይነቶችን ስለሚያምታታ በአጭሩ ልለያቸው። አንደኛው የመግቢያ ነጥብ ነው፤ ከ100 ቢያንስ 67 ያስፈልጋል። ለቋንቋ እስከ 28፣ ለትምህርት እስከ 25፣ ለሥራ ልምድ እስከ 15፣ ለዕድሜ እስከ 12፣ የተረጋገጠ የሥራ ቅጥር ካለ 10፣ ለመላመድ የሚረዱ ነገሮች ካሉ እስከ 10 ይሰጣል። ይህን ያለፈ ሰው ፕሮፋይሉ ከተጠባባቂዎች ጋር ይሰለፍና ሁለተኛው፣ ከ1,200 የሚታሰበው የደረጃ ነጥብ ይሰጠዋል። በየዙሩ ከላይ ያሉት «አመልክቱ» የሚል ግብዣ ይደርሳቸዋል። «67 አመጣሁ፣ አለፍኩ» ብሎ ሥራ የለቀቀ ሰው አውቃለሁ። 67 ማለት ሰልፉ ውስጥ መግባት ብቻ ነው።

ሰልፉ ደግሞ ረጅም ነው፤ እዚህ ላይ መሸዋወድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2025 ካናዳ ውስጥ የሥራ ልምድ ላላቸው ይወጣ የነበረው መቁረጫ ነጥብ ከ500 በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ፈረንሳይኛ ለሚችሉ በወጣ አንድ ዙር ግን 379 ያመጣ ሰው ተጠርቷል። ከ2023 ወዲህ ካናዳ ለጤና ባለሙያዎችና ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የመሳሰሉ የተለዩ ዙሮች ታወጣለች። ዕድሜው ገና 24፣ 25 የሆነና ጊዜ ያለው ወጣት ሲጠይቀኝ «እንግሊዝኛህን ከፍ አድርግ፣ ጎን ለጎን ፈረንሳይኛ ጀምር» የምለው ለዚህ ነው። ለዕድሜ ሙሉ ነጥብ የሚሰጠው ከ20 እስከ 29 ነው፤ 30 ሲሞላ በየዓመቱ መቀነስ ይጀምራል።

ፈተናውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለቋሚ ነዋሪነት የሚያገለግለው አይኤልትስ «ጄኔራል ትሬኒንግ» የሚባለው ነው። ለትምህርት ዕድል ብላችሁ የተፈተናችሁት «አካዳሚክ» ምንም ያህል ከፍተኛ ውጤት ቢኖረው እዚህ አይሠራም። ዝቅተኛው መግቢያ በአራቱም ክፍል 6.0 ነው። ነጥብ በአንዴ የሚያዘልለው ግን በማዳመጥ 8.0፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር ደግሞ 7.0 ሲሆን ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። የፈተናውን ቀን አስቡበት፤ ሌላው ወረቀት ሳይደርስ ተቻኩሎ የተወሰደ ፈተና ግብዣው ሲመጣ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ እንምጣ። መጀመሪያ ስም።

የእኛ ስም ለፈረንጅ ፎርም አይመችም። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይላል፤ እኛ ጋ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ተመልክታችሁ እንዳለ መገልበጥ ነው። ችግሩ የሚመጣው ፊደሉ ላይ ነው። ፀሐይ የምትባል ልጅ ፓስፖርቷ ላይ ስሟ በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጀምራል፣ ዲግሪዋ ላይ በ«ቲ» እና «ዜድ»፣ የባንክ ደብተሯ ላይ ደግሞ «ቲ» ጭራሽ የለም። እኛ ስናነበው ሦስቱም ፀሐይ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰው ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የስማችሁን ፊደል አንድ በአንድ ቁጠሩ። ባንክና መሥሪያ ቤት ያለው በቀላሉ ይስተካከላል፤ ፓስፖርቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ በዚያ አጻጻፍ እንዲያደርጉት መጠየቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው «ይሄማ አይቀየርም» ካለ፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ በመሐላ የተረጋገጠ ሰነድ አውጥታችሁ ከአጭር ማብራሪያ ጋር አያይዙ። ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም መያዛቸው፣ የልጁ ሦስተኛ ስም የአያቱ መሆኑም በሁለት መስመር ቢገለጽ አይከፋም።

ቀጥሎ ቀን። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈን ቀን «8 ጨምርበት» ብሎ መገልበጥ የብዙ ፋይል በሽታ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ቀኑም ቢሆን አይገጥምም፤ ጥር 15 ቀን 1990 ማለት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1998 ነው። ጥር 15 ቀን 1988 ደግሞ ጃንዋሪ 24 ቀን 1996 ላይ ያርፋል፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት የነበረችው ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት። ስልካችሁ ላይ መቀየሪያ አፕ አለ፤ ተጠቀሙበት። ከዛ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የሥራ መጀመሪያ ቀን፣ የምረቃ ቀን፣ ሁሉንም በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ከዚያ ወረቀት ብቻ ቅዱ። ትርጉም ቤቱ ያስቀመጠውንም ቀን አምናችሁ አትቀበሉ። ታትሞ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ነው ስሕተቱ የሚታየው።

ትምህርት ላይ የእኛ አገር ልዩ ጣጣ አለው። ካናዳ ዲግሪያችሁን በራሷ መለኪያ እንዲመዘንላችሁ ትጠይቃለች። ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስን የመሳሰሉ የታወቁ መዛኝ ድርጅቶች አሉ። ውጤቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ታዲያ ብዙ ልጅ እጁ ላይ ያለው «ቴምፖ» ነው፤ ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳ ካልተከፈለ አይሰጥም። ስቱደንት ኮፒ ይዞ መሮጥም ዋጋ የለውም፤ መዛኙ የሚፈልገው ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ወጪ መጋራቱን መጨረስ፣ ክሊራንስ ማምጣት፣ ሬጅስትራር ደጅ መጥናት፣ ፖስታው ባሕር ማዶ እስኪደርስ መጠበቅ… ይሄ ከሁሉም ወረቀት የበለጠ ጊዜ የሚበላው ነው። ክፍለ ሀገር ተምሮ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ደግሞ የመመላለሻውንም ቀን ይቁጠርበት። መጀመሪያ መጀመር ያለበት ይሄ ነው፤ አይኤልትሱ ይደርሳል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ጋ ነው ጥሩ ጥሩ ሰዎች የሚወድቁት።

የእኛ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡትን ታውቁታላችሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ። አቶ እገሌ ከዚህ ቀን ጀምሮ በዚህ የሥራ መደብ በወር ይህን ያህል ብር እየተከፈላቸው በመልካም ሥነ ምግባር በማገልገል ላይ ይገኛሉ።» ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ። ለአገር ውስጥ ቅጥር ይበቃል። ለካናዳ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የካናዳው መሥሪያ ቤት የሚጠብቀው የድርጅቱ ስምና አድራሻ ያለበት፣ ኃላፊው በስሙና በማዕረጉ የፈረመበት፣ የያዛችሁትን መደብ ሁሉ ከነመጀመሪያና ማብቂያው የሚዘረዝር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ፣ ዓመታዊ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየዕለቱ ምን ትሠሩ እንደነበር የሚናገር ደብዳቤ ነው። የሙያ ደረጃችሁን የሚለካው በመደባችሁ ስም ሳይሆን በሥራችሁ ዝርዝር ነው። «ኦፊሰር» የሚለው ቃል እኛ አገር ስንት ዓይነት ሥራ እንደሚሸከም እናውቃለን።

ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አያለሁ። አንዱ ዝርዝሩን ጭራሽ መተው ነው። ሌላው ከካናዳ የሙያዎች መዝገብ ላይ ቃል በቃል ገልብጦ ለአለቃ ማስፈረም ነው። ይሄ ሁለተኛው ብልህነት ይመስላል፤ ግን መዝገቡን በየቀኑ የሚያነበው ሰው የራሱን አገር ዓረፍተ ነገር አይቶ አያውቀውም ብላችሁ ነው? የራሳችሁን ሥራ በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ። አንዲት የማውቃት ነርስ በየፈረቃው ስንት አልጋ እንደምትይዝ፣ የትኛው ዋርድ እንደሆነች፣ መድኃኒት ስትሰጥ ማን እንደሚፈርም ሳይቀር አስገብታ ረቂቁን ለማትሮኗ አቀረበች። ሆስፒታሉ መጀመሪያ «እኛ ጋ ፎርማቱ እንደዚህ አይደለም» ብሎ መልሷት ነበር። በኋላ የተለመደውን ደብዳቤ ሰጥተው የሥራ መዘርዝሩን በማኅተም አያያዙላት። ይህም ይሠራል። መሥሪያ ቤቱ ጭራሽ እንቢ ካለ ወይም ከተዘጋ፣ የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ሰነድ፣ የጡረታ መዋጮና የግብር ማስረጃ፣ ከቀድሞ አለቃ የተፈረመ ደብዳቤ ተሰብስቦ ለምን ዋናው እንደጠፋ ከሚገልጽ ማብራሪያ ጋር ይቀርባል።

ለፕሮግራሙ የሚያስፈልገው ቢያንስ 1 ዓመት ያልተቋረጠ፣ በጠቅላላው 1,560 ሰዓት የሆነ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሠራ ክፍያ ያለው ሥራ ነው። የግል ታሪክ የሚለው ክፍል ላይ ደግሞ ያለፉት 10 ዓመታት ወር በወር ይሞላሉ። ሥራ ፈትታችሁ ቤት የተቀመጣችሁበት ስድስት ወር ካለ «ሥራ አልነበረኝም» ብላችሁ ጻፉት። ሥራ መፍታት ወንጀል አይደለም፤ የሚያስጠረጥረው ክፍተቱ ነው። የመንግሥት ሹመት፣ የፓርቲ ወይም የማኅበር አባልነት ሲጠየቅም እንደዚያው ነው። «ያኔ ሁሉም አባል ነበር» የምንለው ነገር እዚያ ፎርም ላይ ካልተጻፈ መደበቅ ይባላል።

ገንዘብ። ካናዳ ውስጥ የሥራ ቅጥር የሌለው አመልካች መቋቋሚያ የሚሆን ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት። መጠኑ በየዓመቱ ይሻሻላል፤ በ2025 በወጣው ሠንጠረዥ ለአንድ ሰው 15,263 የካናዳ ዶላር፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 28,362 ነበር። የባንኩ ደብዳቤ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የተከፈተበትን ቀን፣ አሁን ያለውን፣ የ6 ወር አማካዩንና ዕዳ ካለ ዕዳውን መናገር አለበት። ያ አማካይ የሚሉት ነገር ነው ብዙውን የሚያጋልጠው። ከአጎት ተበድሮ ለሦስት ቀን አስገብቶ ደብዳቤ ማውጣት ድሮም አይሠራም፤ የብድር ገንዘብ አይቆጠርም። ቤትና መሬትም አይቆጠርም። መኪና ሸጣችሁ ወይም ዕቁብ ደርሷችሁ ከሆነ ግን ውሉንና ማስረጃውን አያይዙ፤ ከየት እንደመጣ የታወቀ ገንዘብ ችግር የለበትም።

ቁጠባችሁ በብር ከሆነ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። «ሞላልኝ» ብሎ የተቀመጠ ሰው አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ግማሹን አጣ። ገንዘቡ ስታመለክቱም ቪዛው ሲሰጥም መኖር አለበት። ስለዚህ ጠርዙ ላይ አትቁሙ፤ መጠባበቂያ ይኑራችሁ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ላንሳ፤ ቤተሰብ።

እኛ ጋ ጋብቻ ብዙ መልክ አለው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ኒካህ ታስሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆርቦ፣ ማዘጋጃ ፈርሞ፣ ወይም ዝም ብሎ አብሮ ኖሮ። የቀበሌ መታወቂያችን ግን ስናወጣው «ያላገባ» እንዳለ ይቀራል። ካናዳ መታወቂያውን ሳይሆን እውነታውን ነው የምትጠይቀው። አንድ ዓመት ያህል እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ከኖራችሁ፣ ወረቀት ባይኖርም እንደ ትዳር አጋር ይቆጠራል። «ላጤ ልበልና ነጥቤ ይሻል፣ ከደረስኩ በኋላ እወስዳታለሁ» የሚል ምክር ከደላላም ከዘመድም ይሰማል። እባካችሁ፣ ይሄን ምክር የሚሰጣችሁን ሰው አትስሙ።

ምክንያቱ የካናዳ ደንብ ነው። ስታመለክቱ ያላሳወቃችሁት፣ የጤና ምርመራ ያላደረገ የትዳር አጋር ወይም ልጅ፣ በኋላ በቤተሰብ መንገድ ስፖንሰር እንዳታደርጉት ይከለክላል። ለጊዜው ሳይሆን እስከ መጨረሻው። አንድ ወዳጄ ከጋብቻ ውጭ የወለዳትን ልጅ ሚስቱ እንዳታውቅ ብሎ ፎርሙ ላይ አልጻፋትም። አሁን እሱ እዚያ ነው፤ ልጅቷ እናቷ ጋ ናት፤ በየወሩ ገንዘብ ይልካል፤ ሊወስዳት ግን በሩ ተዘግቷል። በሰብዓዊ ምክንያት አስተያየት ይደረግልኝ ብሎ መጠየቅ አለ፤ ተስፋ ነው እንጂ መብት አይደለም። ከ22 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ልጅ ሁሉ፣ አብሮ ሄደም አልሄደም፣ እናንተ ጋ ኖረም አልኖረም፣ ስሙ ፎርሙ ላይ ይጻፋል፤ ምርመራም ያደርጋል። ገንዘቡም ሲሰላ የማይሄዱትም ተቆጥረው ነው። የቀድሞ ሚስት ወይም ባል «ልጄን አላስመረምርም» ካሉ፣ ያንኑ ከማስረጃ ጋር ገና ከጅምሩ ጽፎ ማሳወቅ ነው።

በተቃራኒውም አለ። የእህቱን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገ ሰው «ልጄ» ብሎ ይጽፋል። እኛ ዘንድ ልጁ ነው፤ ማን ይከራከራል? ሕጋዊ ጉዲፈቻ ከሌለ ግን ካናዳ ልጅ አትለውም፤ ጥርጣሬ ካለ የዲኤንኤ ምርመራ ይጠየቃል። ጉዲፈቻውን በፍርድ ቤት መጨረስ ወይም ልጁን አለማስገባት እንጂ ሦስተኛ መንገድ የለም።

ደላላውን ካነሳን አይቀር፣ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። የሐሰት የሥራ ልምድ፣ የሐሰት የባንክ ደብዳቤ፣ የተደበቀ ትዳር፣ ሁሉም በካናዳ ሕግ የተሳሳተ መረጃ መስጠት ነው፤ ቅጣቱ ለ5 ዓመት ከማመልከት መታገድ ነው። ከገቡ በኋላ ቢታወቅም ነዋሪነቱ ሊነጠቅ ይችላል። ወረቀቱን የሠራው ደላላ ቢሆንም የሚጠየቀው አመልካቹ ነው። በክፍያ መወከል የሚችለው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ተቆጣጣሪ አካል የመዘገበው አማካሪ ብቻ ነው፤ ስሙን ተቆጣጣሪው ድረ ገጽ ላይ በስልካችሁ መፈለግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፕሮፋይል መክፈት በነፃ ነው። አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉ በእናንተ እጅ ይሁን። «እኛው እንከፍትልሃለን» ብለው አካውንቱን በራሳቸው ኢሜይል ከፍተው፣ ግብዣው ሲመጣ «ተጨማሪ ክፈል» የሚሉ አሉ።

ግብዣው ከመጣ በኋላ ያላችሁ 60 ቀን ነው። 60 ቀን ብዙ ይመስላል። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ያኔ ትራንስክሪፕት ለማምጣት ጅማ ወይም ጎንደር የሚሄድ ሰው አይደርስም። በዚያ ጊዜ መሠራት ያለበት ቀን ያላቸው ነገሮች ብቻ ናቸው። የባንክ ደብዳቤውን ማደስ አንዱ ነው። ከወንጀል ነፃ የሚለው ማስረጃ ሌላው ነው፤ አሁን የምትኖሩበት አገር ማስረጃ ስታመለክቱ ከ6 ወር ያልበለጠ መሆን አለበት። ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ፣ ከ18 ዓመታችሁ በኋላ፣ በተከታታይ 6 ወርና ከዚያ በላይ የኖራችሁበት አገር ሁሉ ለየብቻው ይጠየቃል። ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት ሠርታችሁ የተመለሳችሁ ይሄን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ ከአገሩ ከወጡ በኋላ አሻራ ሰጥቶ ማስላክ ወራት ሊወስድ ይችላል። ካልተቻለ የሞከራችሁበትን ደረሰኝና የኢሜይል ልውውጥ አስቀምጡ፤ መሞከራችሁ ራሱ ማስረጃ ነው። የጤና ምርመራው ከኦገስት 2025 ወዲህ ከማመልከቻው በፊት ተደርጎ ማስረጃው አብሮ ይገባል፤ የሚሠራውም ካናዳ የፈቀደችለት ሐኪም ጋ ብቻ ነው። ክፍያው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በወጣው ታሪፍ ለአንድ አዋቂ 1,525 የካናዳ ዶላር፣ አሻራ ለብቻው 85 ነበር፤ ታሪፉ በየሁለት ዓመቱ ስለሚከለስ ከመክፈላችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ።

የስልክ ነገር። ብዙዎቻችሁ ወረቀቱን የምታነሱት በስልክ ካሜራ ነው፤ ችግር የለውም፣ የስካን አፕ ከተጠቀማችሁ። ጥላ ያረፈበት፣ ጣት የታየበት፣ ማኅተሙ የደበዘዘ ፎቶ ግን አትላኩ። አንድ ፋይል ከ4 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። ለአንድ ዓይነት ማስረጃ አንድ ቦታ ብቻ ስላለ፣ የሦስት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ካላችሁ በአንድ ፒዲኤፍ ይጣመራል። በአማርኛ የተጻፈው ከነትርጉሙና ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር በአንድ ፋይል ይሆናል። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፤ መብራትና ኔትወርክ የእናንተን 60 ቀን አያውቁም። ከመላካችሁ በፊት ፎርሙን ምንም የማያውቅ አንድ ወዳጅ ያንብበው፤ ስምና ቀን ብቻ እየተመለከተ። እኔ ለሰው ስሠራ የማደርገው ይሄንኑ ነው፤ ሌላውን ለባለቤቱ እተወዋለሁ።

ከላካችሁ በኋላም ፎርሙ አልተዘጋም። ብዙ ማመልከቻ ወራት ይቆያል፤ በዚያ መሃል ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ሥራ ይቀይራል። ሁሉም ወዲያው ይነገራል። ቪዛው እጃችሁ ከገባ በኋላ «ሳልሄድ ሠርጌን ልደግስ» የሚልም አለ፤ እሱም ከመሳፈሩ በፊት ማሳወቅ አለበት፣ ሙሽራዋም መመርመር አለባት። ቶሮንቶ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ የድንበር ሠራተኛው ከማኅተሙ በፊት ከሚጠይቃችሁ ጥያቄዎች አንዱ የቤተሰብ ሁኔታችሁ ተቀይሮ እንደሆነ ነው።